ከጠርዝ የቆመው ሠዓሊ

አንድ ሰው በሁለት የተለያዩ እጆች ተስሎ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው አንደኛው ሠዓሊ የሰውየው ጌታ፣ ሁለተኛው ሠዓሊ ደግሞ ራሱ ሰውየው ሲሆን ነው። ሁዋን ዴ ፓሬሃ እንዲህ ያለ ዕጣ የደረሰው ሰው ነው። በ1650 ጌታው ዲዬጎ ቬላዝኬዝ ሮም ላይ ሳለው። በ1661 ደግሞ ራሱን በራሱ ሳለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ዐሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ የነጻነት ወረቀትና አንድ ሞት አለ። ፊቶቹ ግን አይመሳሰሉም። እኔን ለዓመታት የከነከነኝም ይኸው አለመመሳሰል ነው።

መጀመሪያ ታዋቂውን ሥዕል እንይ። ቬላዝኬዝ በ1649 ለንጉሡ ለፌሊፔ 4ኛ የጥበብ ሥራዎች ሊገዛ ወደ ጣልያን ሲሄድ ፓሬሃ አብሮት ነበር። የተወለደው በደቡብ ስፔን አንቴኬራ በምትባል ከተማ ነው፤ ዘሩ ከአፍሪካ ይመዘዛል፤ በሕግ ደግሞ የቬላዝኬዝ ንብረት ነው። አዎ፣ ንብረት። የያኔዋ ስፔን፣ በተለይ ሴቪያና አካባቢዋ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ቤት ውስጥም በየሙያውም የሚሠሩባት አገር ነበረች፤ ሠዓሊዎችም ባሪያ ይገዙ ነበር። ቀለም የሚፈጨው፣ ሸራ የሚወጥረው፣ ብሩሽ የሚያጥበው ማን ይመስላችኋል?

ሮም ላይ ቬላዝኬዝ የጳጳሱን የኢኖሰንት 10ኛን ምስል ሊሥል ነው። የጥንቱ የስፔን ሠዓሊዎች ታሪክ ጸሐፊ አንቶኒዮ ፓሎሚኖ እንደሚለው፣ ከዚያ በፊት እጁን ሊያፍታታ ፈለገና ፓሬሃን አስቀምጦ ሳለው። ለእጅ ማፍታቻ! ከዚያ ሥዕሉን ለራሱ ለፓሬሃ አሸክሞ ለወዳጆቹ እንዲያሳይ ላከው፤ ወዳጆቹም የትኛውን እንደሚያናግሩ ግራ ገብቷቸው ቆሙ ይባላል። በመጋቢት 19 ቀን 1650፣ በቅዱስ ዮሴፍ በዓል፣ ሥዕሉ ፓንቴዎን ላይ ለሕዝብ ታየ፤ ሮም ጉድ አለች።

ጉድ ማለቷ አያስገርምም። ሥዕሉ ትንሽ ነው፣ ከአንድ ሜትር አይሞላም። ግራጫ ልብስ፣ ነጭ የዳንቴል አንገትጌ፣ ክርኑ ላይ የተቀደደች ቦታ። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ አንድ ክንዱን በሆዱ በኩል አሳልፎ ቀጥ ብሎ ያያችኋል። ምንም የሚለምናችሁ ነገር የለም። ፊቱ ጠይም ነው፣ ከንፈሩ ሞላ ያለ፣ ጺሙ ጥቅጥቅ ያለ፤ ግንባሩ ላይ ብርሃን አርፏል። ይህን ሥዕል አይቶ «ይህ ሰው የሌላ ሰው ዕቃ ነው» ብሎ የሚገምት ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙ ሰዎችም ቬላዝኬዝን የሚያመሰግኑት ለዚህ ነው፤ ለባሪያው ክብር ሰጠው እያሉ። እኔ ይህ ምስጋና ብዙም አይዋጥልኝም። ክብሩ ከፊቱ ነበረ፤ ቬላዝኬዝ አይቶታል፤ እያየውም ባለቤቱ ሆኖ ቀጥሏል።

በዚያው ዓመት፣ በኅዳር 23 ቀን 1650፣ ቬላዝኬዝ ሮም ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ቀርቦ ፓሬሃን ነጻ አወጣው። ሰነዱን የጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ጄኒፈር ሞንታጉ ከሮም ቤተ መዛግብት አግኝታ በ1983 አሳተመችው። ነጻነቱ ግን ጅራት አለው፦ ፓሬሃ እንዳይጠፋና ወንጀል እንዳይሠራ፣ ገና አራት ዓመትም እንዲያገለግል ይላል ውሉ። ስለዚህ «ነጻ ነህ» የተባለው በ1650 ሲሆን፣ ነጻ የሆነው በ1654 ነው። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ፓሬሃ ማንበብና መጻፍ ይችል ስለነበር በቬላዝኬዝ የውል ሰነዶች ላይ በምስክርነት ፈርሟል። ፊርማው በሕግ ፊት ይታመናል፤ ፈራሚው ግን ራሱ በሰው እጅ ያለ ነው። ይህን የፊርማ ነገር ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ፓሎሚኖ ስለ ነጻነቱ የሚነግረን ታሪክ ሌላ ነው፤ ጣፋጭም ነው። ጥበብ የነጻ ሰዎች ሥራ ስለሆነ ቬላዝኬዝ ፓሬሃን ብሩሽ እንዳይነካ ከልክሎት ነበር። ፓሬሃ ግን ተደብቆ፣ ከእንቅልፉ እየቀነሰ ተማረ። ንጉሡ ወደ ሥዕል ቤቱ ሲመጣ ወደ ግድግዳ የዞሩ ሥዕሎችን እያስገለበጠ የማየት ልማድ ነበረው። ፓሬሃ ይህን ዐውቆ የራሱን ሥራ አዙሮ አስቀመጠ፤ ንጉሡ አይቶ ሲደነቅ እግሩ ሥር ወደቀ፤ ንጉሡም እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ሰው ባሪያ ሊሆን አይገባም አለ።

ደስ ይላል፣ አይደል? የእኛም አገር ተረቶች እንዲህ ናቸው፤ ብልሁ ድሀ በንጉሥ ፊት ያሸንፋል። ችግሩ ፓሎሚኖ መጽሐፉን ያሳተመው በ1724፣ ፓሬሃ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው፤ የነጻነቱ ወረቀት ደግሞ የተጻፈው ሮም ነው፤ ንጉሡ ያኔ ማድሪድ ነው። ተረቱ ሁለት ነገር ያደርጋል። ንጉሡን ቸር ያደርጋል፤ ነጻነትንም የችሎታ ሽልማት ያደርጋታል። ማለትም፣ መሣል ባይችል ኖሮስ? ያኔ ባሪያነቱ ትክክል ይሆን ነበር? ተረቱን ስትወዱት ይህችን ጥያቄ አብራችሁ ዋጡ።

ወደ ሁለተኛው ሥዕል ልምጣ። «የማቴዎስ መጠራት» ይባላል፤ ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ነው ያለው። እኔ ያየሁት በ2023 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለፓሬሃ ብቻ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ነው። ከፎቶው ያልጠበቅኩት ነገር ስፋቱ ነው፦ ቁመቱ 2.25፣ ወርዱ 3.25 ሜትር። የጌታው ትንሽ ሥዕል እዚያው ዐውደ ርእይ ላይ ነበረ፤ ፓሬሃ ግን ግድግዳውን ሞልቶ ነው የመጣው። መሐል ላይ ቀራጩ ማቴዎስ ከገንዘቡና ከጌጣጌጡ ጋር፣ ምንጣፍ ከተነጠፈበት ጠረጴዛው ጋር ተቀምጧል፤ ከወዲያኛው ወገን ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን አስከትሎ ይገባል። ሁሉም በዚህ ጥሪ ተይዟል። በግራ ጠርዝ ግን አንድ ደህና የለበሰ ሰው ቆሞ ጥሪውን ትቶ እኛን ያያል። በእጁ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ላይ ስሙና ዓመቱ ተጽፈዋል፦ ሁዋን ዴ ፓሬሃ፣ 1661።

ፊርማው ይኸውላችሁ። ሠዓሊ ሸራው ጥግ ላይ መፈረሙ የተለመደ ነው። ፓሬሃ ግን ፊርማውን ለተሣለው ራሱ አስያዘው፤ ስሙን ከፊቱ እንዳትለዩት አደረገ። የጌታው ሥዕል ላይ ስም የለም። ያን ፊት ዛሬ በስም የምናውቀው ሌሎች ስለጻፉልን ነው። ይኸኛውን ግን ማንም እንዲነግረን አላስፈለገም።

በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ላደገ ሰው ይህ ጠርዝ አዲስ ቦታ አይደለም። ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍቶ የሚታየውን ባለጸጋ አስታውሱ፤ ያሣለው ሰው ነው፤ አጠገቡም እገሌ እንዴት እንደተማፀነ ይጻፋል። የሠዓሊው ስም ግን ስንት ቦታ ታገኛላችሁ? በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕሉ ስሙን አኑሯል፤ እንዲህ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፓሬሃ የቆመው በአውሮፓም ብዙ ጊዜ ገንዘብ ከፋዩ በሚሣልበት ጠርዝ ነው። ልዩነቱ፣ ያልከፈለ ሰው ነው የቆመው። ያውም ሳይንበረከክ።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር። ሁለቱን ፊቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው፤ ስልካችሁ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ። ፓሬሃ በገዛ እጁ ሲሣል ቆዳው ፈካ ብሏል፣ አፍንጫው ቀጠን ብሏል፣ ፊቱ ወደ ስፔናውያን ፊት ተጠግቷል። ስለዚህ ጉዳይ የጻፉ ምሁራን አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፦ ሰውየው ራሱን «አውሮፓዊ» አድርጎ ሣለ። አንዳንዱ ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል። ጌታው ያየለትን ክብር እሱ ራሱ አላየውም እንደማለት።

እኔ እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይሆንልኝም፤ በተለይ እኛ። ሠርግ ላይ ተነስቶ በፎቶ ቤት ጥበብ ቀይ ሆኖ የወጣ ሙሽራ ያልገጠመው ማን አለ? ፊልተር ከመምጣቱ በፊትም ነበር፤ ፎቶ አንሺው ሳይጠየቅ ያቀላ ነበር፤ እናቶች አልበሙን ሲያዩ «ጎሽ» ይሉ ነበር። ስለ አፍንጫ የምናወራው ነገርስ? በዚህ አገር ባርነት በዐዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው፤ ሰልካካና ጎራዳ እያልን ሰውን በአፍንጫው የምናወራበት ቋንቋ ግን ከዐዋጁ ጋር አልተሻረም። ባሪያ የሚለው ቃል የማን ፊት ላይ ሲለጠፍ እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። እና ፓሬሃ ለምን አፍንጫውን አቀጠነ ብሎ ማድሪድ ድረስ ሄዶ የሚደነቅ ሐበሻ፣ መጀመሪያ የቤቱን አልበም ይግለጥ።

ማድሪድ በዚያን ሰሞን ምን ላይ እንደነበረች ማየቱም ይረዳል። ቬላዝኬዝ በሕይወቱ መጨረሻ አጥብቆ የፈለገው ነገር የሳንትያጎ ማኅበር ባላባት መሆን ነበር። ለዚያ ደሙ «ንጹሕ» መሆኑ፣ ማለትም የአይሁድም የእስላምም ዘር እንደሌለበት፣ በእጁም ሠርቶ እንደማይሸጥ መረጋገጥ ነበረበት። መርማሪዎች ከመቶ በላይ ምስክሮች ጠየቁ። ባላባትነቱ አልጸና ብሎ የጳጳስ ፈቃድ ሁሉ አስፈለገ፤ በ1659 መጨረሻ ገባ። «ላስ ሜኒናስ» የተባለውን ሥዕል የምታውቁ ከሆነ፣ ቬላዝኬዝ ብሩሹን ይዞ በግራ በኩል ቆሞ ያያችኋል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ መስቀል የዚያ ማኅበር ምልክት ነው፤ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የተጨመረ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ፓሬሃ ማድሪድ ነው። የንጉሥ ሠዓሊ፣ የንጉሥ ባለሟል የሆነው ጌታው እንኳ አያት ቅድመ አያቱ ሲቆጠርበት ያያል። ታዲያ እሱ ምን ይበል? የእሱን የዘር ሐረግ ለመመርመር መቶ ምስክር አያስፈልግም፤ ፊቱን ማየት ይበቃል።

ቬላዝኬዝ በነሐሴ 6 ቀን 1660 ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ፓሬሃ ትልቁን ሸራ ወጠረ፤ እንደ ጌታው በግራ በኩል ቆመ፤ እንደ ጌታው ቀጥ ብሎ አየን። ብሩሽ አልያዘም፣ መስቀል የለውም። ወረቀት ያዘ።

ስለዚህ የፈካውን ፊት እኔ የማነበው እንደ አቤቱታ ነው። ሰው አቤቱታ ሲጽፍ ዳኛው በሚሰማው ቋንቋ ነው የሚጽፈው። ያ ቋንቋ አስቀያሚ ነበር፤ ፓሬሃ ሌላ አልነበረውም። ያሳፍራል ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ትንሽ ያሳምማል፤ ሥዕሉ ፊት ስቆም ያ ጠይም ፊት ናፈቀኝ። ግን ያ ጠይም ፊት የተሣለው ተቀመጥ ተብሎ የተቀመጠ ሰው ላይ ነው። እንዴት ልሣል ብሎ ራሱን የጠየቀው ይኸኛው ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ፊቱን ቢያፈካውም የመረጠው ታሪክ ዝም አይልም። ለምን ማቴዎስ? በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማቴዎስ የሰበከውና የተገደለው የት መሰላችሁ? ኢትዮጵያ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እጅግ በተነበበው «ወርቃማው ትውፊት» በተባለው የገድላት መጽሐፍ፣ ማቴዎስ ናዳበር ወደምትባል የኢትዮጵያ ከተማ ሄዶ ንጉሡን ኤጊጶስን ከነቤተሰቡ ያጠምቃል፤ ልጁ ኤፊጌንያ ለእግዚአብሔር ራሷን ትሰጣለች፤ ቀጥሎ የነገሠው ሂርታከስ ላግባት ሲል ማቴዎስ ይከለክለዋል፤ በዚህም መሠዊያው ፊት ይገደላል። የእኛ መጻሕፍት በዚህ መልክ አይተርኩትም፤ ናዳበርንም በካርታ ላይ አትፈልጓት። ነገር ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን «ኢትዮጵያዊ» ማለት ጥቁር ማለት ነበር። ከሴኔጋል ይምጣ ከአንጎላ፣ በጽሑፍ ኢትዮጵያዊ ይባላል፤ በ1627 ሴቪያ ላይ የታተመው የአሎንሶ ዴ ሳንዶቫል መጽሐፍ በባርነት የተጋዙትን አፍሪካውያን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በኋላም፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፖርቱጋልና በብራዚል ያሉ የጥቁሮች ማኅበራት ኤፊጌንያን ከማን ጋር አጣምረው ያከብሩ ነበር? «ኤልስባን» ከሚሉት ቅዱስ ጋር። ኤልስባን ማለት የእኛው ዐፄ ካሌብ ነው። ሪዮ ዴ ዣኔሮ ውስጥ በሁለቱ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ስለዚህ ፓሬሃ የጥቁሮችን ሐዋርያ ነው የሣለው፤ አጠገቡም ራሱን አቆመ። ይህ በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብደኛል። ሮም ሳለ የእሱ ምስል የታየበት ፓንቴዎን ከሳን ሉዊጂ ዴ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያ ውስጥ ካራቫጆ ከሃምሳ ዓመት በፊት የሣላቸው ሁለት ሥዕሎች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፦ አንዱ የማቴዎስ መጠራት፣ ሌላው የማቴዎስ መገደል። በሁለተኛው ላይ፣ ከኋላ፣ ዞር ብሎ የሚያይ አንድ ሰው አለ፤ ካራቫጆ ራሱ ነው። ከጌታው ጋር የሮምን ሥዕል ሲዞር የከረመ ሰው ይህን ሳያይ ወደ ማድሪድ ተመለሰ ብሎ ማሰብ አልችልም።

የጌታው ሥዕል ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ ሄደ። እንግሊዝ ባላባቶች ቤት ገባ፤ ከዚያም በኅዳር 27 ቀን 1970 ለንደን ላይ በጨረታ በ2,310,000 ፓውንድ፣ ከ5.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ተሸጠ። በጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያወጣ የመጀመሪያው ሥዕል ነበር፤ ሜትሮፖሊታን ገዛው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። የነጻነት ወረቀቱ ከተፈረመ 320 ዓመት ከአራት ቀን በኋላ ነው ፊቱ እንደገና ዋጋ የተቆረጠለት።

ራሱ የሣለውን ሥዕል ፍለጋ የሄደው ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። አርቱሮ ሾምበርግ ፖርቶ ሪኮ ተወልዶ ኒውዮርክ የኖረ ጥቁር መጽሐፍ ሰብሳቢ ነው። ልጅ ሳለ አስተማሪው ጥቁሮች ታሪክ የላቸውም ብላው፣ ዕድሜውን ሙሉ መልስ ሲሰበስብ ኖረ ይባላል። በ1926 ስብስቡ ለኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ10,000 ዶላር ተገዛ፤ ሃርለም ያለው ታዋቂው የሾምበርግ ማዕከል የተነሣው ከዚያ ነው። እሱም በገንዘቡ አውሮፓ ሄደ። ማድሪድ ሲደርስ ፕራዶ ገባና ቬላዝኬዝን አልፎ «የማቴዎስን መጠራት» ጠየቀ፤ በ1927ም ስለዚያ ፍለጋ ጻፈ። ያኔ ፓሬሃን የሚያውቀው ሰው ቢኖር የቬላዝኬዝ ባሪያ ብሎ ነበር።

በ2023 እኔ ስገባ ሕዝቡ እንደተለመደው ትንሿ ሥዕል ፊት ተሰልፎ ፎቶ ያነሣ ነበር። በትልቁ ሸራ በኩል ሰው ሳሳ ያለ ነው። አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ በግራ ጠርዝ በኩል ተጠግቶ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በዝግታ ሲያነብ አየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ስሙን ጮክ ብሎ ደገመው። ጥበቃዋ ትንሽ ራቅ እንዲል በእጇ ምልክት ሰጠችው።